ከአልጋው ሥር የሚያድረው ሰው

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ሆስፒታሉ በር ላይ ሰልፍ ይሠራል። ምሳ ዕቃ የያዘ አለ። ፔርሙዝ ያንጠለጠለ አለ። አጥሚት በጠርሙስ፣ ብርቱካን በፌስታል፣ የታጠበ አንሶላ በብብት። ቦታው አዲስ አበባ አልቃ ሸገር ልትጀምር ስትል ነው። በአንድ በኩል ኮንዶሚኒየም፣ በሌላው በኩል የጤፍ ማሳ። ዘበኛው ሰዓቱን ያያል፣ በሩን ይከፍታል፣ ሰው ይጎርፋል።

በ2013 ዓ.ም. አክስቴ ዳሌዋ ተሰብሮ እዚያ ተኝታ ነበር። ጊዜው የኮሮና ነው። አስታማሚዋ እኔ ነበርኩ። አሥራ አንድ ሌሊት ካርቶን አንጥፌ ከአልጋዋ ሥር አድሬያለሁ። ክፍሉ ስምንት አልጋ አለው። ስለዚህ ስምንት በሽተኛ ከላይ፣ ስምንት አስታማሚ ከታች።

አንድ ቀን ሥራ ስፈታ በበሩ የሚገባውን ሰው መቁጠር ጀመርኩ። ሐኪሞቹ ጠዋት በቡድን ዞረው ሄዱ። ነርሶቹ መድኃኒት ሊሰጡ ብቅ ጥልቅ አሉ። የጽዳት ሠራተኛዋ ሁለት ጊዜ መጣች። የቀረው በሙሉ እኛ ነን፤ አስታማሚና ጠያቂ። ሠላሳ ላይ ስደርስ መቁጠሩን ተውኩት። ግድግዳው ላይ የእጅ አስተጣጠብ የሚያሳይ ሥዕል ተለጥፏል። ሥዕሉ ላይ ያለው ሰው ነጭ ጋውን ለብሷል።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። በወረርሽኝ ጊዜ ሆስፒታል ውስጥ በሽታ እንዳይዛመት የሚወጣው መመሪያ በአብዛኛው የሚናገረው ለሐኪሙና ለነርሷ ነው። በእኛ ሆስፒታሎች ግን ከሁሉ በላይ የሚመላለሰው፣ የሚያነሳው፣ የሚያጎርሰው፣ ሽንት የሚደፋው፣ ናሙና ይዞ ላቦራቶሪ የሚሮጠው አስታማሚው ነው። እሱን ያልቆጠረ ጥንቃቄ ግማሹን በር ከፍቶ ግማሹን እንደመዝጋት ይሆናል።

ከሥሩ እንየው። ሆስፒታል ለምን ለበሽታ ይመቻል?

ሰውነታቸው የደከመ ሰዎች አንድ ጣሪያ ሥር ይሰበሰባሉ። አንዱ ቆስሏል፣ አንዱ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል፣ አንዱ ክንዱ ላይ የግሉኮስ ቱቦ ተሰክቷል። ቆዳቸው ላይ የተከፈተ በር አለ ማለት ነው። በዚያ ላይ ሁሉንም የሚነካው ያው እጅ ነው። ሁሉም የሚተነፍሰው ያንኑ አየር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት፣ አስቸኳይ ሕክምና በሚሰጡ ሆስፒታሎች ከሚተኙ 100 ሰዎች ውስጥ በሀብታም አገሮች 7ቱ፣ እንደ እኛ ባሉት ደግሞ 15ቱ ሲገቡ ያልነበረባቸውን ኢንፌክሽን እዚያው ይይዛሉ። ይህ እንግዲህ ወረርሽኝ በሌለበት ደህና ቀን ነው።

ወረርሽኝ ሲመጣ ሆስፒታሉ ራሱ በሽታውን ሊያባዛ ይችላል። ኢቦላ ለመጀመሪያ ጊዜ በታወቀበት በ1976 እ.ኤ.አ. የሆነው ይኸው ነው። ያኔ ዛየር ትባል በነበረችው ኮንጎ፣ ያምቡኩ በምትባል መንደር አንድ የሚስዮን ሆስፒታል ነበር። በቂ መርፌ አልነበረውም። ለቀኑ አምስት ስሪንጅ ወጥቶ ለሁሉም ይዳረሳል። ለወባ መርፌ የመጣ ሰው ኢቦላ ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ። ከ17ቱ ሠራተኞች 11ዱ ሲሞቱ ሆስፒታሉ ተዘጋ። ወረርሽኙን ያቀዘቀዘው አንዱ ነገርም ይኸው መዘጋቱ ነበር።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበን ግን የደቡብ ኮሪያው ታሪክ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. አንድ ሰው ከመካከለኛው ምሥራቅ ሲመለስ መርስ የሚባለውን የኮሮና ዘመድ ይዞ ገባ። በሽታው እስኪታወቅ ድረስ የተለያዩ ሕክምና ቤቶችን ዞረ። ከእሱ የተያዘ ሌላ ሰው አንድ ትልቅ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ሦስት ቀን ገደማ ቆየ። በእነዚያ ቀናት 82 ሰው ከእሱ ተያዘ። አንድ ሰው፣ 82! በአጠቃላይ 186 ሰው ታመመ፣ 38 ሞተ። ኮሪያ ሀብታም አገር ናት፤ መሣሪያ አላጣችም። ሆኖም እዚያም ቤተሰብ ሆስፒታል አድሮ ያስታምማል። እዚያም ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ ይጠይቃል። እዚያም ብዙ አልጋ ያለው ክፍል ሞልቷል። ከተያዙት ሲሶ ገደማው ለሕክምና የመጡም ሐኪሞችም አልነበሩም። አስታማሚና ጠያቂ ነበሩ።

ይህን ሳነብ ካርቶኔ ትዝ አለኝ።

አሁን መንገዶቹን እንይ። በሽታ ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው በእጅ ይሄዳል፣ በአየር ይሄዳል፣ በዕቃ ይሄዳል። የትኛው መንገድ እንደሚበዛ በበሽታው ዓይነት ይወሰናል። ኅዳር 2018 ዓ.ም. ላይ ጂንካ ከተማ የኢቦላ ዘመድ የሆነው ማርበርግ ሲገኝ ዋናው ፍርሃት የበሽተኛው ደም፣ ትውከትና ሌላ ፈሳሽ ነበር። ኮሮናና ሳንባ ነቀርሳ ግን አየሩን ይወዳሉ።

ከእጅ እንጀምር። ቪየና ውስጥ በ1847 እ.ኤ.አ. ኢግናዝ ዜመልቫይስ የሚባል ሐኪም ነበር። ሆስፒታሉ ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች አሉት። በአንዱ የሚያዋልዱት ሐኪሞችና ተማሪዎች ናቸው፣ በሌላው አዋላጆች። ሐኪሞቹ ዘንድ የሚገቡ እናቶች በወሊድ ትኩሳት በብዛት ይሞታሉ። እናቶቹም ይህን ያውቁ ነበር፤ እዚያ እንዳይመደቡ እያለቀሱ ይለምናሉ። ዜመልቫይስ ልዩነቱን ፈለገ። ሐኪሞቹ ጠዋት አስከሬን ሲመረምሩ ያረፍዱና ከዚያ ቀጥታ ወደ ወላዶቹ ይሄዳሉ። እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ አደረገ። በሚያዝያ ወር ከመቶ እናቶች 18 ገደማ ይሞቱ የነበረው በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 2 ወረደ። ባልደረቦቹ አመሰገኑት? አላመሰገኑትም። የሐኪም እጅ ቆሻሻ ነው መባሉ ከበዳቸው። ጀርም በሽታ እንደሚያመጣ ገና አልታወቀም ነበር። በ1865 እ.ኤ.አ. የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ውስጥ ሞተ።

ዛሬ ምክንያቱን ሁሉም ያውቃል። የጎደለው ውሃ ነው። በከተማዋ ዳር የምንኖር ሰዎች ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ ነጋሪ አያስፈልገንም። ሆስፒታሉም ያው መስመር ላይ ነው። ሮቶው ካለቀ ቧንቧው ይነፋል እንጂ አያፈስም። እኔ በነበርኩበት ጊዜ መታጠቢያው ጎን ባለ ቢጫ ጀሪካን በጆግ እየተቀዳ ነበር የምንታጠበው። ጆጉን ደግሞ ሁሉም ይይዘዋል። ባልታጠበ እጅ ይነሳና በታጠበ እጅ ይቀመጣል። ሃይላንድ ጠርሙስ ክዳኑን በስታ ያንጠለጠለች አንዲት ነርስ ነበረች። በክርን ገፋ ሲያደርጉት ያንጠባጥባል። እኔ በበኩሌ ከሥዕሉ ይልቅ ያች ጠርሙስ የበለጠ ሠርታለች ባይ ነኝ።

በሳሙናና በውሃ መታጠብ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይፈጃል። በአልኮል ማሸት ከ20 እስከ 30 ሰከንድ። እጁ ላይ የሚታይ ቆሻሻ ወይም ደም ከሌለ አልኮሉ ይሻላል። ፈጣን ነው፣ ቧንቧ አይጠብቅም። የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣው ቀመር ቀላል ነው፤ 80 በመቶ ኤታኖል፣ ትንሽ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ እጅ እንዳይሰነጣጠቅ ትንሽ ግሊሰሪን። በ2012 ሳኒታይዘር ሲጠፋ ዩኒቨርሲቲዎች ሳይቀሩ እዚሁ ቀምመውታል። የሚታሸው መቼ ነው? በሽተኛውን ከመንካት በፊት፣ ከነኩት በኋላ፣ ፈሳሹን ከነኩ በኋላ፣ አልጋውንና ኮመዲኖውን ከነኩ በኋላ፣ መርፌ ወይም ቁስል የመሰለ ንጹህ ሥራ ከመጀመሩ በፊት። አስታማሚ የመጨረሻውን አይሠራም። የቀሩትን አራቱን ግን ቀኑን ሙሉ ይሠራል።

ስለ ጓንት አንድ ነገር ልበል። ጓንት የሚጠብቀው ያደረገውን ሰው ነው፣ እሱም ለትንሽ ጊዜ። አንድ ጓንት አድርጎ አልጋ ለአልጋ መዞር ባልታጠበ እጅ ከመዞር አይለይም። እንዲያውም ይብሳል፤ እጅ ሲቆሽሽ ይሰማል፣ ጓንት ሲቆሽሽ አይሰማም። ስልክም እንዲሁ ነው። የእኔ ስልክ በዚያ ክፍል ወለል ላይ አድሯል፣ ምሳ ስበላ አጠገቤ ነበር፣ አክስቴን ልጆቿ ሲያገኟት ጆሮዋ ላይ ነበር፣ ቻርጀር ያጣው የጎረቤት አልጋ ወጣትም ተውሶታል። አንድ ቀንም አልጠረግሁት።

የእጁ ነገር ይህን ያህል ይብቃው። አየሩ ነው ብዙ የሚያስወራ።

ቡና ሲፈላ እጣን ሲጨስ አስቡ። መጀመሪያ ጢሱ ማጨሻው አጠገብ ወፍራም ነው። ቅርብ የተቀመጠው ሰው ዓይኑ ያለቅሳል። ትንሽ ቆይቶ ጢሱ አይታይም። ሽታው ግን ሳሎኑን ሞልቷል፤ በር ላይ የቆመ እንግዳም ይሸተዋል። ማጨሻው ከወጣ በኋላ እንኳ ሽታው ይቆያል። በመተንፈሻ የሚተላለፍ በሽታ የያዘው ሰው ሲያስል፣ ሲያወራ፣ ሲተነፍስም የሚሆነው እንዲሁ ነው። ከበድ ያለው ጠብታ ሜትር ሁለት ሜትር ሳይርቅ መሬት ይወድቃል። ቀለል ያለው እንደ እጣኑ ይንሳፈፋል። አልጋዎችን ማራራቅ ለከባዱ ይጠቅማል። ለቀላሉ የሚጠቅመው አየሩን ማስወጣት ነው።

ይህን ለመቀበል ዓለምም ጊዜ ፈጅቶበታል። የዓለም ጤና ድርጅት በመጋቢት 2020 እ.ኤ.አ. ኮሮና በአየር የሚተላለፍ አይደለም ብሎ በይፋ ጽፎ ነበር። ቋንቋውን በግልጽ ለመቀየር ከአንድ ዓመት በላይ ወሰደበት። በዚያ ጊዜ ውስጥ ስንት በረኪና መንገድ ላይ ተረጨ! ሰው ላይ ሳይቀር ተረጨ። የሚያስፈልገው መስኮት መክፈት ነበር።

መስኮት መክፈት ግን በእኛ አገር ቀላል አይደለም። ታክሲ ውስጥ መስኮት የከፈተ ሰው ምን እንደሚገጥመው ታውቃላችሁ። በ2012 ታክሲ ግማሽ ሰው እየጫነ እጥፍ ሲያስከፍል፣ ሞትን ፈርቶ ማስክ ያደረገ ተሳፋሪ እንኳ «ኧረ ዝጋው ወንድሜ፣ ንፋስ ገባ!» ይል ነበር። ነፋስ ይመታል፣ ምች ይጥላል፣ ብርድ ሳንባ ይገባል። ይህ እምነት ከእናት ጡት ጋር የጠባነው ነው። በከተማዋ ዳር ደግሞ ብርዱም ቀልድ አይደለም። ሌሊት ከየረር በኩል የሚመጣው ነፋስ ለደህናውም ያንቀጠቅጣል።

አንድ ሌሊት ተረኛዋ ነርስ መጥታ መስኮቱን ልትከፍት ስትል አክስቴ ከተኛችበት ቀና አለች።

«ኧረ ሲስተር፣ የእኔ ልጅ፣ ነፋስ ይመታኛል!»

«እማማ፣ ነፋሱ አይመታዎትም። የሚመታዎት ክፍሉ ውስጥ የታፈነው ነው።»

«የታፈነው ምን አደረገኝ? ሞቀኝ እንጂ።»

ነርሷ አልተከራከረችም። የላይኛውን ትንሹን መስኮት ከፈተች። በሩንም በድንጋይ ደግፋ ገርበብ አደረገችው። ከዚያ እኔን «ጋቢ ደርብላቸው፣ ራሳቸውን በሻሽ ሸፍንላቸው» አለችኝ። ነገሩ ይኸው ነው። በሽተኛውን ማሞቅና ክፍሉን ማፈን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሰውየው በብርድ ልብስ ይሞቃል፤ አየሩ ግን ይውጣ። ከፍ ብሎ ያለ መስኮት ሲከፈት ቅዝቃዜው ቀጥታ ፊት ላይ አይመጣም። ትይዩ የሆነ በር ወይም መስኮት ከተከፈተ አየሩ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል። አንድ በኩል ብቻ ከተከፈተ እዚያው ይንጎራደዳል።

ቁጥሩን ላምጣው። የአንድ ክፍል አየር በሰዓት 12 ጊዜ የሚታደስ ከሆነ፣ የሚያስለው ሰው ከወጣ በኋላ ከተንሳፈፈው 99 በመቶ ያህሉ በ23 ደቂቃ ውስጥ ይወጣል። 6 ጊዜ ከታደሰ 46 ደቂቃ ይፈጃል። 2 ጊዜ ብቻ ከታደሰ ከሁለት ሰዓት በላይ። ማሽን ለሌለው ተራ የሕሙማን ክፍል የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ልክ ለአንድ በሽተኛ በሰከንድ 60 ሊትር አየር ነው። በየሰከንዱ ሦስት ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን አየር ለእያንዳንዱ አልጋ ይድረስ ማለት ነው። በተዘጋ መስኮት አይታሰብም። በተከፈተ መስኮት ግን ብር አያወጣም።

በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ የተደረገ፣ በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። እንደ ሳንባ ነቀርሳ ያለ ተላላፊ በሽታ የያዘው ሰው ሊገባባቸው የሚችሉ የሆስፒታል ክፍሎችን አየር ለኩ። መስኮትና በር ተከፍቶ አየሩ በሰዓት 28 ጊዜ ገደማ ይታደስ ነበር። በማሽን የሚሠሩት ዘመናዊዎቹ ክፍሎች 12 ጊዜ ናቸው። ከሁሉ የበለጡት ከሃምሳ ዓመት በላይ ዕድሜ ያላቸው፣ ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ መስኮታቸው ሰፊ የድሮ ሕንፃዎች ነበሩ፤ 40 ጊዜ። በአዲሱ ግንባታ መስኮቱ ጠቦ ጣሪያው ዝቅ ብሎ 17 ላይ ቀርቷል።

እንግዲህ የእኛን አስቡት። ቅዱስ ጴጥሮስ የሳንባ ነቀርሳ ሆስፒታል ሆኖ የኖረው እንጦጦ ላይ፣ ባሕር ዛፍ መሃል ነው። አሁን በዳርቻው የሚበቅሉት ክሊኒኮች ደግሞ ለሱቅ የተሠራ፣ ፊት ለፊቱ መስታወት የሆነ፣ መስኮቱ የማይከፈት ሕንፃ ተከራይተው ይገባሉ። ያምራሉ። የሚያስል ሰው ግን መስታወት ውስጥ ታሽጎ ይቀመጣል። ክሊኒክ ስትመርጡ ከሶፋው በፊት መስኮቱን እዩ።

አየርን መጠርጠር ለእኛ አዲስ አይደለም። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ሲገባ ሰው እንደ ቅጠል ረገፈ። አሥር ሺህ ያህል ሰው እንደሞተ ይነገራል። ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ተርፈዋል። ከተማዋ የነበሯት ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ እነሱም ታመሙ። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻ ሰብስበን የምናጨሰው ከዚያ ወዲህ ነው። ኅዳር ሲታጠን። አባቶቻችን አየሩን መጠርጠራቸው ልክ ነበር። ጢሱ ግን ቫይረስ አይገድልም፤ የታመመ ሳንባን ያባብሳል። የሚያስለው ሰው ያለበት ክፍል ውስጥ እጣንና ባሕር ዛፍ ማጨስ ለበሽተኛው ሁለተኛ በሽታ ነው።

ማስክ የዚሁ የአየሩ ነገር ታናሽ ወንድም ነው። ተራው የሕክምና ማስክ ከሚያደርገው ሰው አፍ የሚወጣውን ይቀንሳል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ማድረግ ያለበት የሚያስለው ነው። ኤን 95 የሚባለው ከጥቃቅኑ ቢያንስ 95 በመቶውን ያስቀራል፤ ግን ፊት ላይ ግጥም ካለ ብቻ ነው። ጺም ካለ አይገጥምም። አገጭ ላይ የተንጠለጠለ ማስክ ምን እንደሚሠራ እስካሁን አልገባኝም።

የመከላከያ ልብስን በተመለከተ ሰው የሚፈራው ሲለብስ ነው፤ አደጋው ያለው ግን ሲያወልቅ ነው። ውጭው ቆሽሿል፣ ሰውየው ደክሟል፣ ልቡ ሻይ ቤት ሄዷል። ያን ጊዜ ነው እጅ ፊት የሚነካው። ስለዚህ ቀስ ብሎ፣ በተራ፣ ቢቻል ሌላ ሰው እያየው፣ በየመሃሉ እጅ እያሹ ነው የሚወለቀው። በ2003 እ.ኤ.አ. ሌላው የኮሮና ዘመድ ሳርስ ሲዛመት በዓለም ላይ ከታመሙት ከ8 ሺህ በላይ ሰዎች ከአምስቱ አንዱ ገደማ የጤና ባለሙያ ነበር። ሐኪም ሲታመም አንድ ሰው ታመመ ተብሎ አይታለፍም። የሚያክማቸው ሁሉ ሐኪም አጡ ማለት ነው።

በረኪናውን በአጭሩ ልለፈው። ቤት ውስጥ የምንገዛው አብዛኛው 5 በመቶ ገደማ ነው። አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ ሲበረዝ ደም ለፈሰሰበት ቦታ የሚሆነው 0.5 በመቶ ይወጣል። ለተራ ወለልና አልጋ 0.1 በመቶ ይበቃል፤ አንድ እጅ በ49 እጅ ውሃ። በቆሻሻ ላይ ከፈሰሰ ግን ጉልበቱን ቆሻሻው ይበላዋል። መጀመሪያ በሳሙና ይታጠባል፣ ከዚያ በረኪናው ይቀባና ጥቂት ይቆያል። በየቀኑ አዲስ ይበረዛል፤ ፀሐይ ላይ ያደረ በረኪና ሽታው እንጂ ሥራው የለም። ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋር አይደባለቅም፣ መርዛም ጋዝ ይወጣዋል። ደረቅ መጥረጊያ ክፍሉ ውስጥ አይገባም፣ አቧራውን መልሶ ወደ አየር ያነሳዋል። ይህን ሁሉ የምትሠራው ሴት ብዙ ጊዜ ቦቲ ጫማ እንኳ የላትም። ያቺን ሴት ማንም አያሠለጥናትም፣ ክፍሉ ሲቆሽሽ ግን ሁሉም ይጮህባታል።

ወደ በሩ እንመለስ። የወረርሽኝ ጥንቃቄ የሚጀመረው ከሐኪሙ ክፍል ሳይሆን ከዘበኛው ነው። የሚያስል ሰው ከካርድ ክፍሉ ሰልፍ ጋር ከተቀላቀለ በኋላ ውስጥ የሚደረገው ጥንቃቄ ሁሉ የረፈደበት ነው። ስለዚህ የልየታው ጠረጴዛ ውጭ፣ ድንኳን ሥር መሆን አለበት። ሳል አለ? ትኩሳት አለ? የታመመ ሰው ጋር ነበሩ? አዎ ያለው ማስክ ተሰጥቶት በሌላ መንገድ ይሄዳል። ሙቀት መለኪያዋን ብቻ ማመን አይቻልም። ብዙ የታመመ ሰው አያተኩስም። በኮሮና ደግሞ ሰው ምልክት ከማሳየቱ አንድ ሁለት ቀን በፊት ያስተላልፋል። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው ሰው ከተገኘ በኋላ በየባንኩ በር ላይ ግንባራችንን የለኩን እነዚያ መለኪያዎች ከሁሉ በላይ ያደረጉልን ነገር እንድንጠነቀቅ ማስታወስ ነው።

በዚያ ወረርሽኝ ጊዜ ከተማዋ የታመመውን ከሌላው ለየች። በምሥራቁ ዳር ያለው ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ለኮሮና ብቻ ሆነ። በኋላም ሚሊኒየም አዳራሽ አልጋ ተደርድሮበት ማከሚያ ሆነ። ሐሳቡ ትክክል ነው። የሚያስለውንና ዳሌው የተሰበረውን አንድ ጣሪያ ሥር ላለማድረግ ነው። ግን የተለየ ሆስፒታል ቢኖርም ሌሎቹ ሆስፒታሎች ሥራ አላቆሙም። ምልክት የሌለው ሰው በእነዚያ በሮች መግባቱ አይቀርም። አብሮትም አስታማሚው።

እንግዲህ አስታማሚው ምን ይደረግ? ይከልከል የሚል አለ። ይህን የሚል ሰው ሆስፒታል ተኝቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። ሁለት ነርስ ለሃያ በሽተኛ ባለበት ቤት አስታማሚ ካልገባ በሽተኛው ሽንት ቤት የሚያደርሰው፣ ውሃ የሚያቀብለው የለም። ከውጭ ፋርማሲ መድኃኒት የሚገዛም የለም። አስታማሚው የሆስፒታሉ ደመወዝ የማይከፈለው ሠራተኛ ነው። ስለዚህ እንደ ሠራተኛ ይቆጠር።

ይህ ማለት በመጀመሪያ ለአንድ በሽተኛ አንድ ሰው፣ ያውም ያው ሰው። ጠዋት እህት፣ ማታ ወንድም፣ ሌሊት የጎረቤት ልጅ ሲፈራረቁ ሦስት ቤት ከአንድ አልጋ ጋር ይታሰራል። ወጣትና ጤነኛ ቢሆን ይመረጣል። ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለባቸው እናት «እኔ ካልሆንኩ» ቢሉም ይለመኑ። ሲገባ እሱም ስለ ሳልና ትኩሳት ይጠየቅ። ማስክ ይሰጠው። እጅ መቼ እንደሚታሽ አሥር ደቂቃ ወስዶ አንድ ሰው ያሳየው። እኔን ማንም አላሳየኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። የሚቀመጥበት ይኑረው፣ የሌላ በሽተኛ አልጋ ላይ እንዳይቀመጥ። ብርጭቆና ማንኪያ አይዋዋስ። ይህኛው በእኛ ዘንድ ከባድ ነው፤ ብቻውን የበላ ሰው እንደ ንፉግ ይታያል። እዚያ ክፍል ውስጥ ከስምንቱ ምሳ ዕቃ ስምንታችንም ጎርሰናል። ደስ ይል ነበር። አደገኛም ነበር። አሥረኛው ቀን ላይ የሦስተኛው አልጋ አስታማሚ ማሳል ጀመረች። በማግስቱ የአራተኛው። አክስቴ ዳነች፣ እኔ ቤት ከገባሁ በኋላ ሁለት ሳምንት ተኛሁ።

ጠያቂው ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ ሥራ የለውም፤ ፍቅር ነው ያመጣው፣ ትንሽም ይሉኝታ። ያልጠየቀ ይታወሳልና። ለዚህ እድር ጥሩ መላ አለው። ሁሉም ከሚሄድ አንድ ሰው ተወክሎ ይሂድ፣ ያውም በሩ ድረስ። ብርቱካኑን ለዘበኛው ይስጥና ይመለስ። ሌላው ይደውል። በሽተኛው ስልክ መያዝ ካቃተው አስታማሚው ስፒከሩን ይክፈትለት።

አክስቴ አሁን በምርኩዝ ትሄዳለች። ባለፈው የጎረቤት ልጅ ወልዳ ተኝታ ልንጠይቅ ተነሳን። ምሳ ዕቃውን ይዤ ቆሜ እያለ አክስቴ ከሶፋው ሳትነሳ «ስንት ሆናችሁ ነው የምትሄዱት?» አለችኝ። አምስት ነን አልኳት። ስልኳን አውጥታ ደወለች። «እንኳን ማርያም ማረችሽ የእኔ ልጅ!» ብላ እልል አለች። ስትጨርስ ምሳ ዕቃውን ተቀበለችኝና ለአንዷ ልጅ ሰጠቻት።

«አንቺ ብቻ ሂጂ። ሐኪሞቹ መስኮቱን ዘግተውት እንደሆነ ክፈቺላት፤ ነጠላ ደርቢላት።»